ርገጥ

ጓደኛዬ ከሞተ ወዲህ የአሮጌ መኪናው የፍሬን መብራት ሲያሻው ይበራል፣ ሲያሻው እምቢ ይላል። እህቱ «ከኋላ ይገጩኛል» ብላ አመጣችልኝ። አምፖሉንም ፊውዙንም ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! አሁን እሷ መሪው ጋ ተቀምጣለች፤ እኔ ከኋላ ቆሜ እጮሃለሁ።

«ርገጪ!»

«ረግጫለሁ እኮ!»

«በደንብ ርገጪ!»

ምንም። ደሜ ፈላ። ከእሱ ጋር ለዓመታት እንደለመድኩት አፌን አዳልጦኝ «ርገጥ!» አልኩ። መብራቱ ቦግ አለ።

«አየሽ? እንዲህ ነው እንጂ!»

«እግሬን አንስቻለሁ» አለች።

«ልቀቅ» አልኩ፤ ጠፋ። «ርገጪ» አልኩ፤ ዝም። «ርገጥ» አልኩ፤ ቦግ።

ወርዳ መጥታ አጠገቤ ቆመች። መኪናው ውስጥ ማንም የለም፤ መብራቱ ግን እንደበራ ነው። «ልቀቅ» ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ።

«አትበለው» አለች። «ትንሽ ይቆይ።»