የመጨረሻዋ የሲሊኮን ሳህን

ቺፕ የሚሠራባት ስስ የሲሊኮን ሳህን ትናንት ከማሽኑ ስትወጣ እንከን አልነበረባትም። ዛሬ ተመራማሪዋ በማይክሮስኮፕ ስታያት ግን ከፀጉር እጅግ የቀጠኑት የአሉሚኒየም ሽቦዎች እንደ ቀደሙት ሳህኖች ሁሉ ተበልተዋል። ሌላ ሳህን የለም። ነገ ገምጋሚዎቹ መጥተው የሚሠራ ቺፕ ካላዩ ላብራቶሪው ይዘጋል።

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። "ጋሼ፣ ይቺም አበቃላት።"

ሳህኖቹን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጡላት የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ወንዳፍራሽ በሩ ላይ ቆመው ነበር። "ደግሞ? ይቺ ቺፕ ከኛ ጋር ደም አላት እንዴ?"

"እርጥበት ነው ጋሼ። አሉሚኒየሙን የምቀርፅበት ክሎሪን ሽቦው ላይ ትንሽ ይቀራል፤ ጠብታ ውሃ ካገኘ አሲድ ይሆንና ሽቦውን ይበላዋል። አየር ማድረቂያውን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። የጋዙን ቧንቧ ቀየርኩ። ከየት ነው የሚገባው?"

ሽማግሌው ቀረብ ብለው ትከሻዋን ዳበሱ።

"ውሃማ እኔ እያለሁ አይነካትም፣ ልጄ። ሁሌ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ ሳጥኑን ከፍቼ ጠበል ብቻ ነው የምረጭልሽ። ትናንትማ የመጨረሻዋ ናት ብዬ በሥላሴ ስም ሦስቴ ረጨኋት።"