መግለጫ ያጣው መስመር

ሰርካለም የፕሮግራሙን ኮድ ለሰባተኛ ጊዜ ገልብጣ መፈተሻው ገጽ ላይ ለጠፈችና «ፈትሽ» የሚለውን ተጫነች። ስልኩ ከመስኮቱ ብረት ላይ በሻሽ ታስሯል፤ የሱዳኑ ሲም የሚሠራው ፊቱን ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው ገላባት ሲያዞሩት ብቻ ነው። የአገሩ ኔትወርክ ከተዘጋ ሰንብቷል።

ገጹ ኮዱ ይሥራ አይሥራ ግድ የለውም። እሱ የሚፈልገው እያንዳንዷ የኮድ ቁራጭ ምን እንደምትሠራ የሚናገር መግለጫ ከራስጌዋ እንዲጻፍላት ነው፤ መግለጫውም አጭርና በነጥብ የተዘጋ መሆን አለበት። ይህን የሚያየው የት አገር እንደተቀመጠ የማይታወቅ ሰርቨር ነው። ፕሮግራሙን የሚረከበው የአዲስ አበባ ድርጅት መግለጫው በአማርኛ ይሁን ብሏል፤ ሰርቨሩ አማርኛ አይችልም። ጠዋት በአራት ነጥብ የዘጋቻቸውን ሠላሳ ዘጠኝ መግለጫዎች «መዝጊያ ነጥብ የለውም» እያለ ስለመለሰባት፣ አንድ በአንድ የፈረንጅ ነጥብ ስታደርግላቸው አርፍዳለች።

እስከ ስድስት ሰዓት ገጹ «ጉድለት፦ 0» ካላለ ድርጅቱ ፕሮግራሙን አይቀበልም። የሁለት ዓመት ልፋት ነው። ከደጋ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው ሠራተኛ ሸሕዲ ላይ ስሙን ያስመዘግባል፤ ካለበት እርሻ በደወለ ቁጥር ቀኑ ይያዝለታል፤ ወሎ ያለች እናት «ልጄ የት ገባ?» ብትል መልስ ታገኛለች። ሰርካለምና የሥራ ጓደኛዋ ምንይችል መተማ ዮሐንስ ላይ፣ እዚችው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ከስልክ ቪዲዮ እየተማሩ የሠሩት ነው።

መልሱ መጣ። ጉድለት፦ 1። መስመር 212፣ መግለጫ የለውም።

ታውቀዋለች። ከጠዋት ጀምራ እያየች ያለፈችው ነው። ምንይችል ነው የጻፈው።

የምንይችል እናት፣ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ከበሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ከሸሕዲ ሲመለስ ታጣቂዎች ከሚኒባስ አስወርደው ከወሰዱት ወዲህ የማይመጡበት ቀን የለም። ያን ዕለት ከተወሰዱት አምስት ሰዎች አራቱ ተመልሰዋል። ጎረቤት ሊያስተዛዝን ሲገባ «ማን ሞተና?» ብለው ከደጅ ይመልሳሉ። ዛሬም ሲገቡ «ደወለ?» ብለዋል።

«አልደወለም እትዬ።»

«ኔትወርኩ ነው» አሉ። ስለ ኔትወርክ ያስተማረቻቸው ሰርካለም ናት።

ሰርካለም ከመስመሩ በላይ «የስም ዝርዝር ያስተካክላል.» ብላ ጻፈችና ላከችው። ሰርቨሩ ጥቂት አሰበ። ጉድለት፦ 0። አምስት ሰዓት ከሃያ ነው። የቀራት ወደ ድርጅቱ መላክ ብቻ ነበር። እጇ ግን ባለበት ቀረ።

«ምነው የኔ ልጅ? ጨረስሽ አይደል?»

«አንዲት ቀርታኛለች።»

«ምን ትላለች?»

ኮድ ነው፣ አይገባዎትም ልትል ትችል ነበር። ለደንበኛ ሁሉ የምትለው ይሄንኑ ነው።

«ከደወለ አርባ ቀን ያለፈውን ሰው፣ ስሙን ከሚፈለጉት አውጥታ መርዶ ከሚነገርላቸው ታስገባዋለች።»

«አርባ ቀን?» እትዬ ጥሩአየሁ ዱካቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ። «ሰው በአርባ ቀን? ከሱዳን እስር ቤት በሰባት ዓመቱ የመጣ እናውቅ የለም እንዴ! የእናት ሆድ የማያውቅ አረመኔ ነው ይሄን የጻፈ። ማነው እሱ?»

ሰርካለም የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ምንይችል ነው እትዬ።»

ጉምሩኩ ጋ የቆመ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሳ፤ መልሶ አጠፋው።

«ምን ብሎ?»

«አምና ሸሕዲ መናኸሪያ አንዲት የላስታ ሴት አይቶ ነው። ልጇን ሦስት ዓመት ሙሉ በየአውቶቡሱ በር ስትጠብቅ። ይችን ሴት ቁርጧን ነግሮ አገሯ የሚመልሳት ሰው እንዴት ይጠፋል አለ። እኔ መቶ ቀን ይሁን አልሁት። አርባ ቀን ሙሉ ያልደወለ ልጅ ስልክ አጥቶ አይደለም ብሎ ድርቅ አለ።»

«ድርቅ ይላል» አሉ እናቱ። «ከሕፃንነቱም እንዲሁ ነው።» መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «የእሱስ ስንት ቀን ሆነው?»

ምንይችል ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ረድፍ ነው። ፕሮግራሙን ሊሞክሩት ሲነሱ ሌላ ስም ስላልነበራቸው የራሱን አስገብቶ ነበር። አሁን ረድፉ ቢከፈት አሥራ አራት ቀን ይላል፤ በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን «ደውሏል» ብላ ያደሰችው ሰርካለም ናት።

«ሃምሳ ሦስት» አለች።

እትዬ ጥሩአየሁ አላለቀሱም።

«በይ ጻፊዋ» አሉ። «ያለውን እንዳለ ጻፊለት። ሸሕዲ ያለው መዝጋቢ ምን እንደሚነካ ሳያውቅ ነክቶት የሰው ቤት እንዳይፈታ።»

የቅድሙን አጠፋች። «ከደወለ አርባ ቀን ያለፈውን ሰው ስም ከሚፈለጉት አውጥቶ መርዶ ከሚነገርላቸው ያስገባል.» ብላ ጻፈች፤ ነጥቡን አየችው፤ ተጫነች። ሰርቨሩ የቅድሙን ያህል አሰበ። በቅድሙ አረንጓዴ፣ በቅድሙ ፊደል፣ ጉድለት፦ 0 አለ። ወደ ድርጅቱ ላከችው። ቀጥላም አንደኛውን ረድፍ ከፍታ ያደሰችውን ቀን ሰረዘች፤ ስሙ ከሚፈለጉት ዝርዝር ጠፋ።

ዞር ስትል እትዬ ጥሩአየሁ ከዱካው ወርደው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዳር ዳሩን በጣታቸው እየዳበሱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ሊያዞሩት ጫፉን ይፈልጋሉ።