የእህቱ ፕሮግራም

ዳኛው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር ሲያይ ደነገጠ። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቼዝ ለሚጫወቱት ሁለት ፕሮግራሞች፣ ያሰቡትን የሚይዙበትን ሜሞሪ እኩል ማካፈል የእሱ ሥራ ነበር፤ ለአንደኛው ግን በስህተት የሌላውን ሩብ ብቻ ሰጥቶታል። ያ ፕሮግራም ያሰበውን እየረሳ፣ እንደ አዲስ እያሰላ፣ ንግሥቲቱን አስበልቶ ሊሸነፍ ጥቂት ቀርቶታል። ይህን ፕሮግራም የሠራችው ደግሞ ታናሽ እህቱ ነበረች።

ቢናገር «ለእህቱ አደላ» መባሉ አይቀርም፤ ዝም ቢል ልፋቷን ገደል መክተቱ ነው። ጨዋታውን አቆመው። «ይቅርታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደገና ይጀመራል» አለ፣ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ።

አዳራሹ ተንጫጫ። እህቱ ቁጥሩን ዞር ብላም አላየችው። ፊቷ ቀልቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለችና፣ «ወንድምዓለም፣ ብሸነፍ ምን ነበረበት? ምነው ሰው ፊት እንዲህ አዋረድከኝ?» አለችው።