ቀዩ የሞተር ክዳን

የሊጡን ሳህን ታቅፋ የኦቨኑን በር ስትከፍት ትኩስ የቀለም ሽታ ፊቷን ገረፋት። ማርገዟን ዛሬ ለባሏ በትኩስ ዳቦ ልታበስረው ነበር ሐሳቧ። ዳቦው በሚገባበት ቦታ ግን ባሏ ጓሮ የሚጠግነው መኪና የሞተር ክዳን ደም የመሰለ ቀይ ተቀብቶ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ ተጋድሟል። ከየስንጥቁ የቀለጠው አሮጌ ዘይት እናቷ በሰጠቻት የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ላይ ወርዶ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። ሳህኑን ጥላ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሮጠችና አስመለሰች።

ባሏ በዘይት የጠቆረ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ከጓሮ ዘሎ ገባ።

"ኧረ በናትሽ ዝጊው! ከቀዘቀዘ እኮ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል!" በሩን ራሱ ዘጋው። ከዚያ ተንበርክኮ በመስታወቱ ተመለከተ። "ነይ እይው እስቲ፣ አንድም አረፋ አላወጣም! ቆንጆ አይደለም?"

"የእማዬ መጋገሪያ ነው።"

"ይታጠባላ! ደግሞ ለመጋገሪያ!"

አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። እሱ ጀርባውን እንደሰጣት ማፏጨት ጀመረ።

"አመመሽ እንዴ?" አላት ኋላ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል።

የምሥራቹ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከምራቋ ጋር ዋጠችው።

"የቀለሙ ሽታ ነው" አለችው።