ለድንበሩ አርባ

በእኛ ዘመን የሞተ ሰው እስከ አርባው ቀን በላፕቶፕ ያወራል፤ መሞቱን ካወቀ ግን እዚያው ይጠፋል።

ጎረቤቴ እትዬ አመለወርቅ በባላቸው በጋሽ ድንበሩ አርባ ጠዋት የላፕቶፑ ስክሪን ጨለመባቸው። «ላቀው፣ እስከ ማታ ብቻ ነው የቀረን፤ አንድ ነገር አድርግ» አሉኝ።

«ጋሽ ድንበሩ አኩርፈው ይሆናላ» ብላቸው አልሳቁም።

የእጅ ባትሪ ሳበራበት የጋሽ ድንበሩ ፊት በስሱ ታየ፤ የተቃጠለው የስክሪኑ መብራት ብቻ ነበር። በኬብል ከቴሌቪዥኑ ጋር ባገናኘው ቦግ ብለው መጡ።

እትዬ ሮጠው ካሜራው ፊት ቆሙ። ሁልጊዜ አበባማ ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚያነጋግሯቸው፤ ዛሬ በጭንቀት የሐዘን ልብሳቸውን መቀየር ረሱ።

«ማን ሞቶ ነው ጥቁር የለበስሽው?» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

እትዬ ጥግ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። «ጎረቤታችን ላቀው» አሉ።

«ያ ቀልደኛ?»

ጋሽ ድንበሩ የቀረቻቸውን ቀን ለእኔ ሲያለቅሱ ዋሉ፤ እኔም አፌን በእጄ አፍኜ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ዋልኩ።