በጀርባዋ የወደቀችው በግ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በዮርክሻየር አንድ ኮረብታ ላይ፣ አንዲት በግ በጀርባዋ ተገልብጣ ነበር። ያልተሸለተ ጸጉሯ ዝናብ ጠጥቶ ከብዷታል፤ ቶሎ ካላነሷት ትሞታለች። የአገሬውን ቃላት ሊሰበስብ ከሊድስ ከተማ የመጣው ምሁር ግን መጀመሪያ ደብተሩን አወጣና የበጓን ባለቤት ጠየቀ።

«እንዲህ ስትሆን ምን ትሏታላችሁ፣ አቶ ሴፕቲመስ?»

«ሪግዌልት ሆነች እንላለን። አያቴም እንዲሁ ይሉ ነበር።»

«‹ሪግ› ጀርባ ነው፤ ‹ዌልት› መገልበጥ። ከሺህ ዓመት በፊት በመርከብ ከሰሜን የመጡ ሰዎች የተዉት ቃል ነው።»

«በጎቻቸውንም ሳይተዉ አልቀሩም። ይኸው እስከ ዛሬ ይወድቃሉ።»

አብሯቸው የቆመው የመሬቱ ባለቤት ወኪልም ሳቀ። እሱ የመጣው ለቃሉ ሳይሆን፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ሴፕቲመስ የመሬት ኪራይ ውላቸው ቢታደስ እርሻውን የሚችሉት መሆኑን ሊያይ ነበር። «እስቲ ያንሷትና እንይ» አለ በትህትና።

ሴፕቲመስ ኮታቸውን አውልቀው ጸጉሯን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ሳቡ። በጓ ንቅንቅ አላለችም። ደግመው ሳቡ። «ሰነፍ ናት» አሉ እያለከለኩ። ምሁሩ የጻፈውን ደግሞ ማንበብ ጀመረ።

ይሄኔ ሚስታቸው ሃና ባልዲያቸውን አስቀምጠው መጡና ትከሻዋንና ዳሌዋን ይዘው በአንድ ግፊት አቆሟት። እግሯ እስኪጸና በጉልበታቸው መሃል ደግፈው ይዘዋት ሳለ፣ እንግዶቹን ረስተው፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ለባላቸው ነገሯቸው፦

«ይቺ ከጠዋት ጀምሮ ያነሳኋት ሦስተኛዋ ናት፣ ሴፕ።»