አሥራ ዘጠኝ ኪሎ

መካኒኩ ጋሽ ጥላዬ ቀይዋን መኪና ለእሁድ እሽቅድምድም ዝቅ አድርገው፣ ሞላዋን አጠንክረው ያስረከቡት በሚያዝያ ነበር። ዛሬ ባለቤቷ ተመልሶ፣ «ኩርባ ላይ እምቢ አለችኝ፤ ሥራዎ ተበላሽቷል» ሲላቸው ከነከናቸው።

መኪናዋ የምትስተካከለው ከነነጂዋ ነውና አራት ሚዛን በየጎማው ሥር አድርገው፣ ሰውዬውን መሪው ጋ አስቀምጠው መዘኑ። በሚያዝያ መዝነው ግድግዳው ላይ በጠመኔ ከጻፉት ክብደት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ጎደለ።

«የፈታኸው ዕቃ አለ?»

«አንድ ብሎን አልነካሁም።»

አስወርደው ባዶዋን መዘኗት። ልክ እንደ ሚያዝያው ነው፤ ምንም አልጎደለም።

ሰውዬው የሚንሸራተት ሱሪውን ወደ ላይ ሳብ አደረገ። ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉ።

«ታዲያ ምኗ ነው የተበላሸው፣ ጋሼ?»

«መኪናዋስ ደህና ናት፣ ልጄ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከቀበቶው ሳያነሱ።